አባባ እሺ ብለዋል

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 28 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዘቢዬ፣

ስድቤን አስቀድሚና ሰላምታዬን ከኋላ ተቀበይ። ሦስት ወር ሙሉ ድምፅሽን አጥፍተሽ በአንድ ደብዳቤ አሥራ አንድ ጥያቄ! ቆጥሬያቸዋለሁ። እኔም ያው ነኝ፣ አልክድም፤ አረፋ አለፈ፣ የሰርግ ወር መጣ፣ እያልኩ ቆየሁ። ይቅር ተባባልን? ተባባልን።

አዎ፣ ሱቃችን አለ። ስምሽም ደጃፉ ላይ ከስሜ ቀጥሎ አለ፣ ፀሐይ ትንሽ በላው እንጂ። አዎ፣ ሁለተኛው ካሜራ መጣ፤ ወንድሜ ሳላዲን እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው። አይ፣ አላገባሁም። እናቴ ይሄን ጥያቄሽን ሳነብላት «ህንድ አገር ያለውን ሰው እንኳ ጨነቀው» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

አባትሽ ደህና ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከኦቾሎ ወርደው ሱቅ ገብተው ነበር። «ልጄ እዚያ የምትማረው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ፊልም ዲስክ ላይ ማሰናዳት» ብላቸው፣ «አንቺ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ታሰናጂው የለም እንዴ? ታዲያ ምን ባሕር አሻገራት?» ብለው ሳቁብኝ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ምዕራብ ዓባያ የቀረጽነው ሰርግ ጣጣ አመጣብኝ። የሙሽራዋ አክስት ሱቅ ድረስ መጥታ ሰው ፊት፣ «አንቺ ዙሁራ፣ እኔ ሦስት ቀን ወጥ ሳማስል ከርሜ ፊቴ የታየው ዓይን እስኪርገበገብ ነው፤ የወንዱ ወገን ውሻ እንኳ ከእኔ በላይ ታይቷል!» አለችኝ። ሄጄ ካሴቱን ሳየው እውነቷን ነው፤ ውሻው አራት ጊዜ ያልፋል።

የወንድምሽ የተክለሃይማኖት ሰርግ ደግሞ ጥር 23 ነው። የሙሽራዋ የአመለወርቅ ቤተሰቦች ላንቴ፣ እናንተ ኦቾሎ። የማን ቤት ይበዛል የሚለው ክርክር ሙሽሮቹ ቀለበት ሳያስሩ ተጀምሯል። ስትሄጂ የነገርሽኝን፣ ያንን አንድ ሰዓት በሁለት ካሜራ የሚባለውን ነገር፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርገሽ ጻፊልኝ። ያንን ቅርንጫፍ የምትዪውንም ጨምሪበት፤ ዲሪባ የሚባለው ማን እንደሆነም።

እህትሽ ዙሁራ

ሃይደራባድ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዙሁ፣

ለውሻው ሰላም በይልኝ።

ለጠየቅሽኝ፦ ሁለቱንም ቤት በአንድ ሰዓት ቅረጹ፤ ሳላዲን ላንቴ፣ አንቺ ኦቾሎ። ዲስኩ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ሪሞቱ ላይ «አንግል» የሚል ቁልፍ አለ፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ። የላንቴ አክስቶች ሲጫኑት የራሳቸውን ቤት ያያሉ፤ የእኛዎቹ የኦቾሎ ሽማግሌዎች ሲጫኑት ኦቾሎን። ዘፈኑ አይቆምም፣ ጊዜው አይዘልም። ጠብ አበቃ ማለት ነው። አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ ሁለቱ በሰከንድ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከረዘመ የግድ ይቆረጣል።

ቅርንጫፍ ስላልሽው፦ ለእንግዳ አጭር፣ ለቤተሰብ ረጅም ፊልም ለመስጠት ሁለት ዲስክ አትሥሪ። አንዱ ይበቃል። ማጫወቻው የሆነ ቦታ ሲደርስ ወይ ዝም ብሎ ይቀጥላል፣ ወይ ዞር ብሎ ተጨማሪውን አሳይቶ ይመለሳል። የትኛውን እንደሚያደርግ አንቺ ነሽ የምታዢው። በደንብ ከተሠራ ሰው የተዘለለ ነገር መኖሩን አያውቅም። አባባ የሠራው ሸማ ላይ ክሩ የት እንደተቀጠለ አግኝተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው። ረጅሙን ግን ከዲስኩ አጠፋሽው ማለት አይደለም፤ እዚያው አለ።

ስለ ዲሪባ ማን ነገረሽ? አብሮኝ የሚማር የነቀምቴ ልጅ ነው፤ አለቀ። ሳቅሽ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፣ ዝም በይ።

ለሰርጉ አለመምጣቴን አባባ እንዴት ተቀበለው? ተክለሃይማኖት በስልክ «ምንም አላለም» አለኝ። አባባ ምንም ካላለ ብዙ ነገር አለ ማለት ነው። በእኔ ዓይን እይልኝ።

ዘቢደር

አርባ ምንጭ
የካቲት 10 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዘቢዬ፣

ሰርጉ ደምቆ አለፈ። ላንቴዎች ሙዝ ከነግንዱ በር ላይ ተክለው ነው የተቀበሉት፤ ያንቺዎቹ ደግሞ በጎመን ፎሰሴና በዳጣ ሰው አስለቀሱ፣ በቃጠሎው ማለቴ ነው። አመለወርቅ እንዴት ናት ብለሽ በወንድምሽ ስልክ ላስጠየቅሽኝ፦ ቆንጆ፣ ዝምተኛ፣ ግን ዓይኗ ሁሉን ይቆጥራል። ወንድምሽ አለቀለት።

አዎ፣ አባባ ጨፈሩ። አይ፣ አልወደቁም፤ ማን ነው ወደቁ ያለሽ? ትንሽ ደክሟቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ያው ነው። ሳሉን እኔም ሰምቻለሁ። ብርድ ነው፤ የኦቾሎን ጥር ታውቂዋለሽ። ተክለሃይማኖት ወደ ሐኪም ይዟቸው ወርዶ ነበር፤ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል።

ዲስኩ ገና ነው። ሁለቱን ቤት እኩል ለማድረግ ስቆርጥ ስቀጥል ዓይኔ ቀላ። ትዕግሥት ስጪኝ።

ዙሁራ

ሃይደራባድ
የካቲት 28 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዙሁ፣

ይሄን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢ። እናትሽ አጠገብሽ ካለች በኋላ አንብቢው።

«አለቀ» ያልኩሽ አላለቀም። ዲሪባ ሊያገባኝ ይፈልጋል፤ እኔም እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ለመላክ ዝግጁ ናቸው። ግን የሩቅ ሰው ነው፤ አባባ ደግሞ «ልጅ ሲዳር ጭሱ ከሚታይ ቦታ ነው» የሚል ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። ሽማግሌ አስመጥቶ ሰው ፊት እምቢ ከሚል አስቀድሜ ቃሉን ማወቅ አለብኝ። እምቢ ካለ ይቀራል። ለዲሪባም ነግሬዋለሁ፤ ያለ አባቴ ቃል አላደርገውም።

ከዚህ ጋር የታጠፈው ደብዳቤ ለአባባ ነው። እሱ ማንበብ አይችልም፣ ተክለሃይማኖት ካነበበለት ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። አንቺ ራስሽ ውጪና በጋሞኛ አንብቢለት። ፊቱን እይልኝ። ያለውን ሁሉ፣ ስድብም ቢሆን፣ ሳታሳምሪ ጻፊልኝ።

ከአንቺ ሌላ ይሄን የምሰጠው ሰው የለኝም።

ዘቢደር

አርባ ምንጭ
መጋቢት 30 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዘቢዬ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ፤ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ነበር።

አባባ እሺ ብለዋል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ሳቅ አሉና «ነቀምቴ የትኛው ተራራ ጀርባ ነው?» አሉኝ። ከዚያ «እሺ በያት» አሉ። ለልጁ ዱንጉዛ ሸማ ጀምሬለታለሁ፣ ቀዩን አበዛለታለሁ በያት ብለዋል። ፈተናሽን በርትተሽ ጨርሺ ብለዋል። ሌላ ምንም አላሉም።

ዲስኩ አልቋል፤ ወደዚያ ለሚሄድ አስተማሪ ሰጥቼልሻለሁ። ሜኑ የለውም፤ መሥራቱ አቅቶኝ ስታስገቢው ራሱ እንዲጀምር አደረግኩት። አንቺ ፊት ያሳፍራል፣ ግን ተይው።

አባባን በስልክ ላግኘው ብትዪ አይሆንም፤ ኦቾሎ ኔትወርክ የለም፣ መውረዱም ለጉልበታቸው ከብዷል። እኔ እጽፍልሻለሁ።

ዙሁራ

ሃይደራባድ
ሚያዝያ 22 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዙሁዬ፣ የእኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ይዤ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ዲሪባ «ነቀምቴ የትኛው ተራራ ጀርባ ነው» የሚለውን ሲሰማ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ እናቱ ጋ ደውሎ በኦሮምኛ ተረጎመላት። ቀኑ ለመስከረም ተቆርጧል። ቀይ የበዛበት ዱንጉዛ እየተሠራለት መሆኑን አገር ምድሩ ሰምቷል።

ዲስኩ ደርሶኛል። ፈተና ላይ ስለሆንኩ ጀርባውን ብቻ እያየሁ አስቀምጬዋለሁ። ጨርሼ ተዘጋጅቼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ አየዋለሁ፤ ሰርግ አይደል! ስለ ሜኑው አትፈሪ። ከፍቼ ቆንጆ ሜኑ ሠርቼልሽ እመልሰዋለሁ፣ ለሱቃችን ስጦታ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ።

ዘቢደር

ሃይደራባድ
ግንቦት 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ዙሁራ ባድሩ
አርባ ምንጭ

ፈተናዬን ጨርሻለሁ። ዲስኩን ከዲሪባ ጋር አየሁት። አባባ ሲመርቅ አየሁ፤ ሲጨፍር አየሁ። ክሩ የት እንደተቀጠለ አልታየኝም። ጥሩ ሠርተሻል።

ከዚያ ሜኑውን ልሠራልሽ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ያየሁት ፊልም ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ግን፣ የላንቴንና የኦቾሎን ጎን እንደ አንድ ቆጥሬ እንኳ፣ ከዚያ በሃያ ሁለት ደቂቃ ይበልጣል። ስህተት መስሎኝ ነበር። «ዙሁ ረስታ የተወችው ትርፍ ካሴት ነው፣ አጽድቼላት እልካለሁ» አልኩት ለዲሪባ። እየሳቅኩ ነው ያልኩት።

ቅርንጫፉ ከምርቃቱ ቀጥሎ ነው። መጀመሪያ የአባባ ፎቶ፣ ከሥሩ ጽሑፍ፦ «አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ የካቲት 24 ቀን 2002 ዓ.ም. አረፉ።» ከዚያ ሳጥኑ። ከዚያ የለቅሶው ሜዳ ላይ ሰዉ ጦር ይዞ ሲዞር። ወንድሜ ፊቱን ነጭቶ። አመለወርቅ በሰርጓ ወር ጥቁር ለብሳ። አንቺ የለሽበትም፤ ካሜራውን የያዝሽው አንቺ ነሽና።

ለተክለሃይማኖት ደወልኩ። ስሜን ሲጠራ ከድምፁ አወቅኩ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም።

ሞቱን ስለደበቃችሁኝ ብቻ ቢሆን ይሄን አልጽፍም ነበር። አገሬን አውቃለሁ። ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ፈተና ላይ ላለ አይነገርም። እኔም ለሌላ ሰው ደብቄ አውቃለሁ። አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ ይወጣልኝ ነበር።

ግን አባቴ የሞተው የካቲት 24 ነው። እኔ የጠየቅኩት የካቲት 28 ነው። «አባባ እሺ ብለዋል» ያልሽኝ መጋቢት 30 ነው።

ማን ነው እሺ ያለው?

ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ ያልሽው ማን ነው? የሳቀው ማን ነው? ያ ዱንጉዛ በማን እጅ ነው ያለው? የአንድ ሙሉ ቤተሰብ ሽማግሌዎች በሞተ ሰው ቃል ተነስተዋል። ለዲሪባ እናት ምን ልበላት?

ሳታሳምሪ ጻፊልኝ ብዬሽ ነበር።

ዘቢደር ሀብተጊዮርጊስ

አርባ ምንጭ
ሰኔ 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዘቢደር፣

«ዘቢዬ» ልልሽ ብዕሬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሞቱን እንደብቅ ያሉት ወንድምሽና አጎትሽ ጋሽ ዓባይ ናቸው። «መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞሽ ነው የሚነገረው፤ ህንድ አገር ማን ይይዛታል?» አሉ። እኔም እውነት መሰለኝ፤ አሁንም ይመስለኛል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ነበርን። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔና የተክለሃይማኖት ነው። ጋሽ ዓባይ አያውቁም።

ደብዳቤሽ መጋቢት 18 ደረሰኝ። ለአባባ የጻፍሽውን አልከፈትኩትም፤ እንደታጠፈ ነው። ይዤ ወንድምሽ ጋ ሄድኩ። «እምቢ አሉ ብንላት ልቧ ይሰበራል፣ ዝም ብንል ትጠረጥራለች። እሺ በያት» አለኝ። «እኔ በአባትህ አፍ አልናገርም» አልኩት። አሥራ ሁለት ቀን ብዕር አልያዝኩም። ከዚያ ጻፍኩት። አንዴ ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ ቃሉ ራቁቱን ቆመብኝ፤ ሳቁን ጨመርኩ፣ ተራራውን ጨመርኩ፣ ዱንጉዛውን ጨመርኩ። ዱንጉዛውን ከአንድ ዶርዜ ሸማኔ አዝዤዋለሁ። እንዳትስቂ። ስታዪው የአባትሽ እጅ አለመሆኑን እንደምታውቂ እንኳ አልታሰበኝም።

ሰርጉንና ለቅሶውን ለምን በአንድ ዲስክ አደረግሽው ብትዪኝ፦ አንድ ነበር የሠራሁት፣ ለአርባቸው ቀን ዘመድ እንዲያየው። ላንቺ የላኩት ላይ መንገዱን ብቻ ነው የዘጋሁት። ረጅሙ እዚያው እንደሚቀር አንቺው ራስሽ አስተምረሽኛል። አውቄ ነው ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ሌላ ዲስክ ለመሥራት ጊዜ ነበረኝ። አልሠራሁም።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ፣ ከሌላ እንዳትሰሚው።

የላንቴው ካሜራ ባትሪ ምርቃቱ ላይ አርባ ሰከንድ ሲቀረው ሞተ። ሁለቱ እኩል መሆን ስላለባቸው ከኦቾሎው ላይ አርባ ሰከንድ ቆረጥኩ። ያኔ አባባ በሕይወት ነበሩ፤ የቆረጥኩት ተራ ወሬ መሰለኝ። ከተቀበሩ በኋላ ካሴቱን መልሼ አየሁት። መርቀው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው፣

«ይሄ ነገር ዘቢደር ጋ ይደርሳል?» ይላሉ።

«ይደርሳል አባባ» እላለሁ፤ ድምፄ ይሰማል።

«እንግዲህ ዘቢደር፣ ጥርሴን አትይ፣ ሁለቱ ሄደዋል። ስትመጪ ሲቀላ አትደሪ፣ ቀጥታ ወደ እኔ ውጪ። የምትነግሪኝ ነገር ካለሽም ቁጭ ብለሽ ራስሽ ንገሪኝ። በሰው አትላኪብኝ።»

ከዚያ ይስላሉ፤ እጃቸውን ያወናጭፉብኛል፣ አጥፊው እንደማለት።

የተናገሩትን ቆርጬ ያልተናገሩትን ጻፍኩልሽ። ከዚህ በታች ምን ብዬ ይቅርታ እንደምልሽ አላውቅም። ካሴቱን እንዳለ፣ ምንም ሳልነካው፣ ልኬልሻለሁ። ያልተከፈተውም ደብዳቤ ከእሱ ጋር አለ።

ዙሁራ

ኦቾሎ
ሐምሌ 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዙሁራ፣

ይሄን ይዞልሽ የሚወርደው ተክለሃይማኖት ነው። አትጠይቂው፤ የሚናገረውን ሁሉ እዚህ ተናግሮ ጨርሷል።

ካሴቱ ከህንድ ከመነሳቴ ሁለት ቀን በፊት ደረሰኝ። ሲቀላ አላደርኩም። መኪናው በሱቁ በኩል ሲያልፍ ደጃፉ ላይ ቆመሽ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስታወሪ አይቼሻለሁ። ከስተሻል። መስኮቱን ዘጋሁት።

ለቅሶዬን እዚህ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው አምስት ወር አልፎት እንኳ እንደ አዲስ መጣልኝ። ያልተከፈተውን ደብዳቤ ይዤ አባባ መቃብር ላይ ወጣሁና ራሴ አነበብኩለት፣ በጋሞኛ። ንፋስ ነበር። መልስ አልጠበቅኩም።

ለዲሪባ እናት እውነቱን ነግሬያታለሁ፦ «አባቴ እሺ አላለም፤ እምቢም አላለም፤ አልሰማም» አልኳት። ሽማግሌዎቹን አቆይታለች። ዲሪባ እጠብቃለሁ ይላል። የሚጠብቀው እኔን አይደለም፤ አንቺን ነው። ነገሩን ልንገርሽ።

አጎቴ ዓባይ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም። «ይሄ ጎሜ ነው» አለ። ሲቀላ ብታድጊም ከእኛ ጋር ነው ያደግሽው፤ ጎሜ ምን እንደሆነ አላስተምርሽም። ያልተናዘዙት ጥፋት ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከብትም ልጅም አያስቀርም። «ሙት አፍ ውስጥ ቃል ተከቷል። ያ ቃል ሳይወጣ ከዚህ ቤት ሴት አትዳርም፤ እኔም በወንድሜ ቦታ እሺም እምቢም ልል አልችልም። ቦታው ተይዟል» አለ።

እኔ የተማርኩ ነኝ ብዬ ልከራከረው ነበር። ከዚያ ሳስበው፣ የደረሰብኝን ነገር ከእሱ የተሻለ ስም የሰጠው ሰው የለም። ሌሎቹ ሁሉ «ለአንቺ ብለው ነው» ነው የሚሉኝ።

ተክለሃይማኖት ባለፈው ቅዳሜ ዱቡሻ ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ቆሞ የእሱን ድርሻ ተናዘዘ። ሲጨርስ ሽማግሌዎቹ «ቃሉን በወረቀት ላይ ያኖረችውስ?» አሉት። «የሱቅ ሰው ናት፣ የሌላ ሃይማኖት ናት፣ አትመጣም» አላቸው። እኔ ነኝ «ትመጣለች» ያልኩት።

ካሜራ አትያዢ። ሳላዲንንም አታምጪ። ዱንጉዛውን ለሠራው ሰው መልሺለት፣ ወይ ለሚለብሰው ስጪው፣ ወደዚህ ግን አይምጣ።

ይቅር አልኩሽ ማለቴ አይደለም። እኔና አንቺ የምንነጋገረው ሌላ ነው፤ ይሁን አይሁን ገና አላውቅም። ደጃፉ ላይ ያለውን ስሜን እንዳለ ተይው፣ አታድሺውም፣ አታጥፊውም።

ዱቡሻው የሚቀመጠው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። እዚያ ቁሚና በጋሞኛ፣ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «እሺ ያልኩት እኔ ነኝ» በያቸው። ለእኔ ጽፈሽልኛል፤ ለእነሱ ንገሪያቸው። ያንን ቃል ከአባቴ አፍ አውጪልኝ።

ዘቢደር